ያልተደፋችው ብርሌ

ግሮሩድ፣ ኦስሎ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለየዓለምወርቅ፣

የአምላክ ቸርነት ባሕር ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴም ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ወለል ሲወለውል የኖረ ነውና አልፈርድበትም። በስልክ ከመጣላት በወረቀት መነጋገር ይሻለናል ብለን ከተስማማን ዓመት ሊሞላን ነው፤ ቃላችንን ስለጠበቅን እስካሁን አልተጣላንም። ዛሬ ግን የምሥራች ስላለኝ ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ለልጄ ለሶልያና ሽማግሌ መጣላት። ልጁ ምስጉን ይባላል። ወላጆቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሱ እዚሁ ሞርተንሩድ ነው ያደገው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ቅዳሴ አያስታጉልም። ሽማግሌዎቹን መርተው የመጡት አያቱ አቶ ዘርኡ ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ቀስ ብለው ይጠይቃሉ፣ የተመለሰላቸውንም አይረሱም። ሰርጉ እግዚአብሔር ቢፈቅድ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ በገብርኤል ማግስት፣ እሑድ ሐምሌ 20 ቀን ነው። አንቺ ከሌለሽ ከወገን ማንም ከጎኔ የሚቆም የለም።

እንግዲህ አደራ የምልሽ ነገር አለ። አቶ ዘርኡ ስለ ቤተሰባችን ሲጠይቁኝ፣ እናታችን ጎሐ ጽዮን ላይ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች ብያቸዋለሁ። አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ለሐበሻው ማኅበርም፣ ነፍሷን ይማርና ለባለቤቴም፣ ለልጄም ያልኩት ይህንኑ ነው። አንቺን ደግሞ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት ብያለሁ። ይህ ውሸት ነው አይባልም፤ በምትሠሪበት ቤት ሰው ይገባል፣ አንቺም ትቀበያለሽ። ስትመጪ እንዲሁ በይልኝ። ከእማዬም ፎቶ ለአዳራሹ የሚሆን አንድ ላኪልኝ፤ ብርሌ የተደረደረበት መደርደሪያ ከኋላዋ የሚታየውን ግን አይሁን። ሌላ ካጣሽ በመደርደሪያው በኩል ያለውን በመቀስ ቁረጪው።

ሶልያና ትስምሻለች። ልብሽ ደግ እንደሆነ ስለማውቅ አልጠራጠርም።

ወንድምሽ አድነው


ሄስቲንግስ፣ እንግሊዝ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እመብርሃን ጉልበትህን በእጇ ትዳብስልህ። ደብዳቤህን ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እልል ስል አንድ ሽማግሌ ቢራውን ደፋ፣ ውሻውም ተነሥቶ ጮኸ። እዚህ ሰው ውሻውን ይዞ ነው የሚጠጣው፤ ውሻው ከጌታው ይልቅ ሥነ ሥርዓት አለው። ለልጃችን እንኳን ማርያም ለዚህ አበቃችሽ በልልኝ።

ፎቶውን ግን አልቆርጥም፤ ሆቴልም አልሠራም። አትቆጣ፣ መጀመሪያ አንብበህ ጨርስ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለም? እስቲ አንድ ነገር ላጫውትህ።

ቤቱን ብዙም ነግሬህ አላውቅም፤ ስጀምር ትቆጣ ነበርና። ስሙ «ዕውሩ መርከበኛ» ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ጠጠሩ ጎትተው ከሚያወጡበት ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው ሲገባ እንደ ቤተ ክርስቲያን አንገቱን ይደፋል። ቴሌቪዥን የለም፣ ሙዚቃ የለም። ሰው የሚመጣው ለወሬው ነው፤ አንድ ቢራ ይዞ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ሲመሽ ደወል ደውዬ ወደየቤታችሁ እላቸዋለሁ። እማዬ በመጥረጊያ ነበር የምታስወጣቸው፤ እኔ ሠልጥኛለሁ።

የዛሬ አምስት ዓመት እዚያ የገባሁት ለጽዳት ነበር። ከባንኮኒው በላይ እጀታ ያላቸው ሠላሳ አርባ የብረት ኩባያዎች ተሰቅለዋል፤ ጥቁር ብለው፣ አቧራ ለብሰው። የእማዬ፣ የዋጋዬ ልጅ ይህን አይታ እንዴት ታልፋለች? በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ሁሉንም አውርጄ በጨውና በሎሚ ፈትጌ ፈትጌ ፊት የሚያሳዩ አደረግኳቸው። ከሰዓት በኋላ አንድ መንገደኛ ቢራ ሲያዝ ከሁሉ የሚያምረውን አንሥቼ ቀዳሁለት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሬይ የሚባል ዓሣ አጥማጅ መጠጡን ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ።

ለካ እያንዳንዱ ኩባያ ባለቤት አለው። ያ የቀዳሁበት የሬይ ወንድም ኩባያ ነበር፤ በዚያው ክረምት ባሕር ላይ ቀርቷል። ጥቁረቱም ቆሻሻ ሳይሆን የእጁ ወዝ ነበር። እኔ ነኝ በሎሚ ያጠብኩት።

ታስታውስ እንደሆነ፣ እማዬ ደንበኛ ሲሞትባት ብርሌውን አጥባ፣ ደፍታ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጥ ነበር። እስከ ሙት ዓመቱ ማንም አይጠጣባትም። በሙት ዓመቱ ቀን ሞልታ በደጃችን ላለፈው የመጀመሪያ ነዳይ ትሰጥ ነበር። በማግስቱ እኔም የዚያን ሰው ኩባያ በመደርደሪያው ላይ ደፋሁትና ሬይ ሲመጣ በዚህ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ይህንኑ ነገርኩት። ብዙ ቆሞ አየው። «እናትሽ ሥራዋን ታውቅ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከደንበኞቻችን መካከል የሚሞት ሰው ኩባያው ዓመት ይደፋለታል፤ እኔን ሳይጠይቁ ራሳቸው ናቸው የሚደፉት።

የእኔንም የምሥራች ስማ። የቤቱ ባለቤት ሞሪን አረጀች፤ ከጥር ጀምሮ ቤቱን ለእኔ አስረክባኛለች። እዚህ የቤቱ ኃላፊ ስም ከበሩ በላይ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ቀለም ቀቢው ስሜን በእነሱ ፊደል ከጻፈ በኋላ፣ ከሥሩ «ዋጋዬ» የሚለውን በእኛ ፊደል በወረቀት ጽፌ ሰጠሁትና እንደ ሥዕል አድርጎ ገለበጠው። ታዲያ ጋሼ፣ እናቴን በር ላይ አስጽፌ ሳበቃ በልጃችን ሰርግ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች ልበል?

መልሱን እጠብቃለሁ።

የዓለምወርቅ


ግሮሩድ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየዓለምወርቅ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ሹመትሽ እንኳን ደስ ያለሽ።

ስለ እማዬ ሥራ ግን አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ያየሁትን አላየሽም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን ማታ ማታ እኛ ቤት ነበር የሚያመሸው። ጫማውን ያወለቅኩለትና እስከ ቤቱ የደገፍኩት ቀን አለ። ጠዋት ክፍል ውስጥ «የጠጅ ጣይዋ ልጅ፣ ተነሥ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ እቆማለሁ። ዓመት ሙሉ ስሜን አንድ ቀን እንኳ አልጠራውም። ሶልያና በአማቶቿ ፊት እንዲያ እንድትቆም አልፈልግም። ይህን ክፋት ነው ካልሽ በይው።

ያልኩሽን ማለት ካልሆነልሽ፣ ከሰርጉ በኋላ ብትመጪ ይሻላል። ግርግሩ ሲበርድ እኔና አንቺ ለብቻችን ተቀምጠን እንጫወታለን።

ወንድምሽ አድነው


ግሮሩድ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ደብዳቤሽን ስጠብቅ ስድስት ሳምንት አለፈ። እዚህ ፖስታ የሚታደለው ቀን እየዘለለ ነው፤ እኔ ግን በየቀኑ አራት ፎቅ ወርጄ ሣጥኑን እከፍታለሁ። ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ወረቀት በቀር የሚመጣ የለም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ፍቅር፣ «እጮኛ ያዝክ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሶልያና አክስቴ ትመጣለች ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። እንደ አገሩ ሰው ያ፣ ያ፣ አዎ ትመጣለች እላታለሁ። ከምትሠራበት ባርነሃገ፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ፈቃድ ወስዳ የሰርግ ልብስ ለማየት ትናንት ለንደን ሄዳለች፤ ሕፃናቱ ሳምንቱን ያለ እሷ ይሰነብታሉ። አድራሻሽን ልስጣት ብዬ ነበር፤ መልስሽን ሳላይ ምን ብዬ ልስጣት ብዬ ተውኩት።

የፎቶው ነገር ይቅር። ደህና መሆንሽን ብቻ፣ አንድ መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ አድነው


ሄስቲንግስ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

የትንሣኤው ሰላም ቤትህን ይሙላው። የቆየሁት ታምሜ አይደለም፤ ተቀይሜ ነው። «ከሰርጉ በኋላ ብትመጪ ይሻላል» የምትለዋን መስመር ካነበብኩ በኋላ ደብዳቤህን ባንኮኒው ሥር መሳቢያ ውስጥ ከትቼ አላወጣሁትም። እንደ ትርፍ ዕቃ ከግርግር በኋላ ነይ መባል ያማል። የአስተማሪውን ነገር ግን አላውቅም ነበር። እሱን ሳስበው ደግሞ ልቆጣህም ልጽፍልህም አቃተኝ።

አሁን ተቀመጥና አንብብ። ልጅህ ለንደን የሄደችው ለልብስ ብቻ አይደለም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቀትር ላይ መስኮት ልወለውል ብወጣ አንዲት ልጅ ሻንጣ ይዛ ወደ በሩ አንጋጣ ቆማለች። ከተጻፈ ወዲህ ስንቱ ሰው «ይህ ሥዕል ምንድን ነው?» እያለ ጠይቆኛል። እሷ ግን ፊደል አጥብቀህ ያስቆጠርካት ናትና «ዋጋዬ» ብላ አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ፣ «አክስቴ ነሽ?» አለችኝ። አድራሻውን ካንተ መሳቢያ፣ ከፖስታው ጀርባ ነው የወሰደችው። ደብዳቤውን አላነበብኩም ብላለች፤ አምኜያታለሁ።

የእማዬ ፎቶ ከባንኮኒው በላይ ነው የተሰቀለው፣ ሳይቆረጥ፣ ከነመደርደሪያው። ልጅቷ ብዙ አየችውና አያቴ ጨርቅ የምትሸጠው የት ጋ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አባትሽን ጠይቂ አልኳት። አላጋለጥኩህም፤ አልዋሸሁልህምም። ግን ልጅህ ሞኝ አይደለችም፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ምድር ቤት ወደ በርሜሎቹ ይዣት ወረድኩ። የዚህ ቤት ቢራ በርሜሉ ውስጥም እያለ ይፈላል፤ ሳይረጋ ከቀዳኸው ይበላሻል። ሌሎቹ በመሣሪያ ይለኩታል፤ እኔ እማዬ ከጋኑ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ «ገና እያወራ ነው» ትል እንደነበረው በጆሮዬ ነው የማውቀው። ሶልያና ጆሮዋን ለጠፈች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ይህን ከነገርኩህ አይቀር አንድ የቀረኝ አለ። በስልክ ልነግርህ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሁልጊዜ ሳልጨርስ ተጣልተን ዘግተናል።

ወደ ሱዳን ስትጠፋ እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አልመጣም። በረሃ ቀረ አሉ፣ ሽፍታ ገደለው አሉ። ሰፈሩ መጥቶ እርምሽን አውጪ፣ ድንኳን ይተከል አላት። ያቺ ትንሽ ብርሌህ ትዝ ትልሃለች? ገና ያልፈላውን ብርዝ የምትጠጣባት፣ አንገቷ ጠመም ያለችው። እሷን ደፍተሽ አስቀምጪ ብለው ጎረቤታችን እትዬ ሐምዲያ ሳይቀሩ ለመኗት። እማዬ ግን «ልጄ ቆሞ ይሄዳል፤ ብርሌው አይደፋም» አለች። በየጠዋቱ አውርዳ ትወለውላታለች፣ መልሳ ታቆማታለች። አምስት ዓመት። የካርቱም ደብዳቤህ የመጣ ዕለት ብርዝ ሞልታባት ለእኔ ሰጠችኝ። በእሱ ፈንታ ጠጪለት አለችኝ። ጠጣሁልህ።

እማዬ ስትሞት ከዚያ መደርደሪያ ላይ የወሰድኩት እሷን ብቻ ነው። በቤይሩትም በለንደንም ከእኔ ጋር ዞራለች፤ አሁን አጠገቤ ቆማለች።

የዋጋዬ ልጅ ብለህ ከጠራኸኝ ነገውኑ እነሣለሁ። ሆቴል የምትሠራ እህት ከፈለግክ ግን ከሌላ ቤት ፈልግ።

የዓለምወርቅ


ግሮሩድ
ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በዕለተ ጰራቅሊጦስ

ለእህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፣

መንፈስ ቅዱስ ያጽናናሽ፤ እኔንም አጽናንቶኛል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው መነጽሬን አውልቄ አለቀስኩ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ ልደብቅሽ አልችልም። እማዬ አምስት ዓመት ብርሌዋን ስትወለውላት፣ እኔ ደግሞ እሷ የሌለችበት ወሬ ስፈጥር ነበር የኖርኩት።

ሶልያናን ወጥ ቤት ጠርቼ ነገርኳት። ድንች ትልጥ ነበር፤ መላጧን አላቋረጠችም። «ያ፣ አባዬ፣ አውቃለሁ» አለችኝ። «አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት።» ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ አቀፈችኝ። ልብሴ ሁሉ ድንች ሆነ።

ከዚያ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር በባቡር አቋርጬ ሞርተንሩድ ሄድኩ። ሽማግሌ አላስከተልኩም። አቶ ዘርኡ ብቻቸውን ነበሩ። ቁጭ ሳልል «እናቴ ጠጅ ጣይ ነበረች» አልኳቸው። ቀጥዬም ስለ አንቺ፣ ስለ በርሽ ጽሑፍ፣ ስለ ኩባያዎቹ ሳይቀር ተናገርኩ።  በቃ ጋብቻው ፈረሰ አልኩ በልቤ። ከዚያ ምን ብለው ቢጠይቁኝ ጥሩ ነው?

«ጌሾውን ከየት ነበር የምታመጣው?»

ከደገም ነው፣ እንጨቱን ነው የምትወደው፣ ቅጠሉን አትነካም አልኳቸው። ይህን እንደማውቅ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። አዋቂ ናት አሉ። ስለ ሜስ፣ ስለ አገራቸው ጠጅ፣ ስለ እናታቸው ጋን ብዙ አጫወቱኝ። በመጨረሻ የሰርጉን ሜስ የሚሠራው ማን ነው ሲሉኝ፣ እህቴ ናት አልኩ፤ አንቺን ሳላስፈቅድ ከአፌ አመለጠ። ሲሸኙኝ በሩ ላይ ግን ክንዴን ይዘው «ጨርቅ ያልከኝን አልረሳሁም» አሉኝ።  ይገባኛል፤ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ከሰርጉ ሦስት አራት ሳምንት ቀድመሽ ነይና የልጅሽን ጠጅ ጣዪልን። ማሩ ተገዝቷል። ጌሾ ከሐበሻ ሱቅ አግኝቻለሁ፤ እንጨቱን ነው፣ አትሥጊ። ምድር ቤት ያለችኝን የዕቃ ክፍል ባዶ አድርጌ ሁለት ትልልቅ በርሜሎች አስገብቼባታለሁ፤ በትምህርት ቤቱ ሳሙና ሦስት ጊዜ ፈትጌያቸዋለሁ። ፎቶውን ሳትቆርጪ አምጪልኝ፣ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ አድርገን እንሰቅለዋለን። ብርሌዋንም አምጪልኝ። የቀረውን ስትመጪ በአፌ እነግርሻለሁ፤ ወረቀት አይበቃውም።

ወንድምሽ አድነው፣ የዋጋዬ ልጅ


ሄስቲንግስ
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

የእማዬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ዛሬ ደስ ብሏታል። ሰኔ 24 በቀትሩ አውሮፕላን እደርሳለሁ። ሶልያና ትቀበለኝ፤ አንተ ጉልበትህን አስቀምጥ፣ ለማማሰል እፈልገዋለሁ።

በርሜሎቹን በሳሙና ፈተግኳቸው ነው የምትለኝ? ጠጅ በሳሙና ዕቃ አይጣልም ጋሼ፤ ሽታው ይገባበታል። ዛሬውኑ በሙቅ ውኃ አሥር ጊዜ አለቅልቃቸው፤ ከዚያ ክዳናቸውን ከፍተህ ነፋስ ይግባባቸው። በወይራ ጭስ እናጥናቸው እንዳልል የሕንፃው የእሳት ማንቂያ ጮኾ እሳት አጥፊ እንዳይመጣብን ፈራሁ። እኔስ ብሆን የሰው ኩባያ በሎሚ አጥቤ የለም? የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ያየነውን ሁሉ ካልፈተግን አይሆንልንም።

ቤቱን ለሁለት ወር ሞሪን ትይዝልኛለች። የት ነው የምትሄጂው ሲሉኝ የእናቴን ሥራ ልሠራ አልኳቸው። ሬይ ለሙሽሮቹ ስጪልኝ ብሎ ሁለት አዳዲስ ኩባያ ስማቸውን አስቀርጾ አመጣ። አልዘጋ ብሎኝ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው የዘጋሁት።

ብርሌዋ በሻንጣ አትሄድም። በሹራብ ጠቅልዬ በእጄ ነው የማመጣት፣ ቀጥ እንዳለች። ጠጅ እንደማትቀምስ አውቃለሁ፤ አልጫንህም። ለአንተ ለብቻህ ብርዝ እበጠብጥልሃለሁ። አቶ ዘርኡ ባሉበት፣ ማኅበሩ ባለበት፣ ከእማዬ ፎቶ ሥር ቆመህ ትጠጣባታለህ።

እህትህ የዓለምወርቅ